የወተቱ ባለቤት

ሐመልማል የጡቷን ወተት ጠርሙስ ውስጥ አለበችና አሸገችው። የላቦራቶሪው መኪና አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል። የሁለት ሳምንት ልጇ በረሃብ ታለቅሳለች።

«አንዴ ጡት ብትሰጫት ማን ያያል?» አላት ባሏ ናሆም፤ ሕፃኗ የዱቄቱን ወተት እምቢ ብላዋለች።

«ሽንት ጨርቋን ይመረምራሉ። የወተቴ ፕሮቲን ከተገኘባት እሷንም ይወስዷታል።»

በሕጉ ፋይል የተከፈተለት ፕሮቲን ሁሉ፣ በማንም ገላ ውስጥ ይኑር፣ የፋይሉ ባለቤት ንብረት ነው። በእሷ ወተት ውስጥ ያለውን ማን እንዳስመዘገበው ግን የሚነግራት አላገኘችም። ዛሬ ራሷ ፋይሉን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። ፕሮቲኑ እንደተወሳሰበ ክር እየተሽከረከረ ብቅ ሲል፣ ከምስሉ ጀርባ ያለውን መዝገብ እንዲያወጣላት ሁለት መስመር ትእዛዝ ጻፈች።

ባለቤት፦ ላቦራቶሪው።
ናሙና፦ ምራቅ።
አስመዝጋቢ፦ ሐመልማል ተካ።

ትዝ አላት። በዚያው ላቦራቶሪ ተለማማጅ ሳለች አንድ ቀን ናሙና አለቀባትና ብልቃጡ ውስጥ የራሷን ምራቅ እንትፍ አለችበት፤ ያው ፕሮቲን ምራቋም ውስጥ ነበር። የባለቤቱን ቦታ ባዶ ስትተወው ማሽኑ የላቦራቶሪውን ስም ሞላበት።

«ማነው ጉድ የሠራን?» አለ ናሆም።

የልጇ ለቅሶ ሲበረታ ጡቷ አጋተና ሸሚዟን አራሰው። ሸሚዙን አውልቃ በላስቲክ አሸገችና ከጠርሙሱ አጠገብ አስቀመጠችው።