የመጀመሪያው ቁራሽ

ምራቲቱ ውኃ ቀድታ ስትመለስ በድፎው ክዳን ላይ የከመረችው ፍም አልነበረም። አማቷ ወደ ራሳቸው ምድጃ ዝቀውት እግራቸውን ይሞቁ ነበር። ኮባውን ስትገልጥ የዳቦው ፊት ሊጥ እንደሆነ ቀርቷል፤ ማኅበርተኞቹ ግን ተቀምጠዋል፣ ቄሱም ደርሰዋል።

«እናትሽ ዳቦ መድፋት እንኳ አላስተማረችሽም? ከዳንግላ ድረስ ያመጣንሽ ለዚህ ነው?» አሉ አሮጊቷ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

አንገቷን ደፍታ ዳቦውን ለቄሱ አቀረበች። ቄሱ ባርከው ሲቆርሱ ግን፣ የመጀመሪያው ቁራሽ የቤቱ ትልቅ ሰው ድርሻ ነውና፣ ከመሐል የሚዝለገለገውን መርጣ በሁለት እጇ ለአማቷ ዘረጋች። «ይቅመሱና ያርሙኝ፣ እሜቴ።»

የተባረከ አይተፋም። አሮጊቷም በተራቸው አንገታቸውን ደፍተው አላመጡ፣ አላመጡና ዋጡ። ቀና ሲሉ ምራታቸው ሁለተኛውን ቁራሽ ይዛ ቆማ ነበር።