የተለቀቀው ቦታ

ህብስት የነርሲንግ ኮሌጁን መግቢያ ፈተና ብታልፍም ቦታ ሞልቶ ከተጠባባቂዎች አንደኛ ሆነች። የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ ከፍያለው «ለከርሞ ይሳካልሻል» ብለው ሸኟት። በሦስተኛው ቀን ግን ራሳቸው ደወሉላት።

«ልጄ፣ አንዲት ተማሪ ቦታዋን ለቃለች። ዛሬውኑ ነይና ተመዝገቢ!»

ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች። «ነርስ ልሆን ነው!» አለችው ሹፌሩን።

«በይ እኔን ስትወጊ ቀስ አድርገሽ ነው» አለና አሳቃት።

አቶ ከፍያለው ቢሮ ቅጹን ሞልታ ስትጨርስ ግን አላስችል አላት። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ዕድል የምትለቅ ምን ዓይነት ሞኝ ናት?»

«ኧረ ትልቅ ሴት ናቸው! የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ለቤተሰባቸው የማታ ተረኛ ነኝ እያሉ ተደብቀው ተምረው፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ነው ያለፉት። ትናንት መጥተው ቀጣይዋ ተጠባባቂ ማን እንደሆነች ጠየቁኝ። ስምሽን ስነግራቸው ፈገግ ብለው ፈረሙ።»

የመልቀቂያ ቅጹን ገፋ አደረጉላት። ምክንያት በሚለው ቦታ «የግል ጉዳይ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የእናቷ ስምና ፊርማ አለ።