ከፊቴ ያለው ትከሻ

ወንድሜ አሁንም ቀድሞኝ ከአባዬ ኋላ ገባ። ዳገቱን በአንድ መስመር እየወጣን ነው፤ አባዬ ከፊት፣ እሱ መሀል፣ እኔ የሦስታችንን ውሃና ምሳ ተሸክሜ ከኋላ።

«ቀስ በል የኔ ልጅ፣ እዚች ጋ ያንሸራትታል» ይለዋል አባዬ። እኔንም እዚያው ላይ አንሸራተተኝ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

አባዬ ሠላሳ ዓመት የዚህ ተራራ ደን ጠባቂ ነበር። አሁን ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም ክረምቱን አይሻገርም ብሎናል ሐኪሙ። «ሳይጨልምብኝ ነብር አንዴ ልይና ይብቃኝ» አለኝ። ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ፣ ጠብታውን ጠዋት ማታ የማደርግለትም እኔ። ወንድሜ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ትናንት ብቅ አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት ተረት እኛ ቤት አይሠራም።

ቀናሁ። አርባ ዓመት ሞልቶኝ እንደ ሕፃን ቀናሁ።

የአባዬ የደን ሕግ ጥብቅ ነው። አውሬ ያየ ሰው ድምፅ አያሰማም፣ ጣቱንም አይቀስርም። ከፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ ይነካል፤ የተነካው ደግሞ የፊተኛውን።

መታጠፊያው ላይ በግራ በኩል አየሁት። ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ነብሩ ዓለት ላይ ተጋድሟል። ጅራቱን ቀስ ብሎ ያነሳል፣ መልሶ ይጥላል። ከዚህ ርቀት አባዬም ዞር ቢል ያየዋል።

እጄን አነሳሁ። ከፊቴ ያለው የወንድሜ ትከሻ ነው። ብነካው እሱ አባዬን ይነካል፤ አባዬም ዞሮ የሚያቅፈው እሱን ነው። «ልጄ መጥቶ ነብር አሳየኝ» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራል፣ እኔም ቆሜ እሰማለሁ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ነብሩ ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ አንዴ አየኝና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

አባዬ ቆመ። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ።

«ሸተተኝ» አለ በሹክሹክታ። «አላየህም?»

«ኧረ አባዬ፣ እኔ ከጫማዬ በቀር ምንም አላየሁ! ነፍሴ ልትወጣ ነው» አለ ወንድሜ እያለከለከ።

አባዬ በእሱ በኩል አሻግሮ ፈለገኝ። «አንቺስ እናቴ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው የለም» አለ። «ያረጀው አፍንጫዬ ነው። የሷን ዓይን አልጠራጠርም፤ ከእንግዲህ የማየውም በሷ ነው።»

ወንድሜን ገለል አድርጎ አለፈና ክንዴን ያዘ። ክብደቱን ሁሉ እኔ ላይ ጥሎ፣ ለዓለቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁለቱን ጀመረ።