ውሃ የማይገባበት ግቢ

ማንያዘዋል የመጨረሻውን ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሸጊቱ ግቢ ይሻገራል። እንስራውን ጠዋት ወስዶታል። የዶሮዎቹን መጠጫ ሳይቀር አራግፎ ገልብጦታል። ሸጊቱ ውሃችንን ተረክባ፣ በሯን ቆልፋ ወደ ገበያ ስትወጣ እያየችኝ ትስቃለች። አይፈረድባትም። ባሏ ከቤት ውሃ ያባረረባት ሴት በደባርቅ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም።

«ጠብታ እንዳይኖር፣ ሠርኬ» ይለኛል ተመልሶ። «የቀለጠ እርሳስ ላይ ውሃ ጠብ ካለ እርሳሱ ይፈናጠራል። ዓይን አይምርም።»

«ሰማሁ እኮ። ስንቴ ትነግረኛለህ?»

«እስኪሰለችሽ።»

የእርሳስ ማቅለጫዋ የሽሮ ድስት ታክላለች፤ የምትሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ከጎንደር ካመጣት ወዲህ ስልኩ ላይ ተደፍቶ አጠቃቀሟን ሲማር ከርሟል። ጭሱ መርዝ ነው ብሎ ከብየዳ ቤቱ አውጥቶ ግቢው መሀል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጧታል። ገመዱ እንዳያደናቅፈው በባላ አንጠልጥሎ አሳልፎታል። ከጎሚስታዎች የለቃቀመውን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አድርቆታል። አሁን ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ የቆዳ ጓንቱን፣ መነጽሩንና ማስኩን አጥልቆ ቆሟል። በርና መስኮት ሲበይድ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ለአይቸው ነው። አንድ ልጃችን በየዳ ወረዳ፣ አጎቱ ዘንድ ከብት ይጠብቃል። ባለፈው የመጡት ዘራፊዎች አብሮት ሲጠብቅ የነበረውን ልጅ ገድለው ከብቱን ነድተውታል። አይቸው የያዘው የአያቱን ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ባዶውን ታቅፎ ያድራል። ማንያዘዋል ጥይት ሊሠራለት ያረጁ ቀለሆች ሰብስቦ አዘጋጅቷል፤ የቀረው እርሳሱ ነው። መብራት ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ መጣልን፤ ወደ በየዳ የሚሄደው መኪና ደግሞ ከቀትር በኋላ ይወጣል። ጥይት ልጄን ያተርፍልኛል ብዬ አላምንም። ግን ማንያዘዋል እጁን አጣጥፎ መርዶ ሲጠብቅ ከማየው ይሻላል ብዬ ዝም አልኩት።

የማቅለጫዋ ቀይ መብራት በርቷል። እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይሰምጣል፣ ቆይቶ መስታወት ይመስላል። ማንያዘዋል አስቀድሞ ያሞቀውን ማንኪያ አስገብቶ ከላይ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ ይገፋል። እኔ እንዳዘዘኝ ደጃፉ ላይ ነኝ።

የግቢው በር ተከፍቶ እናቱ እማሆይ ድንቅነሽ ይገባሉ። ከኪዳነ ምሕረት መምጣታቸው ነው፤ ከነጠላቸው ሥር ጠበል የሞላ ሃይላንድ ይዘዋል። የውሃውን ነገር ያውቃሉ። ጠዋት ኩባያ ይዤ ግቢው ውስጥ ቢያዩኝ «ልጄ ያለውን አልሰማሽም?» ብለው የተቆጡኝ እሳቸው ናቸው።

«ለአይቸው የሚላክ ነገር እንዲሁ ሳይባረክ ይላካል፣ ማንዬ?» ይላሉ። «በል ጎንበስ በል፣ ልርጭህ።»

ጠበል ተሸፋፍነው አይቀበሉትም። ማንያዘዋል ጓንቱን ያወልቃል። ማስኩን ወደ አገጩ ይስባል፤ መነጽሩን አውጥቶ ኪሱ ይከተዋል። እዚያው ማቅለጫዋ አጠገብ እንደ ልጅ ጎንበስ ይልላቸዋል። በስመ አብ ብለው ፊቱን ይረጩታል። ዓይኑን ጨፍኖ አሜን ይላል። እኔም ከደጃፉ አሜን እላለሁ።

ያን ሁሉ ተጠንቅቀን፣ ከሦስታችን አንዳችንም ውሃ ነው ብለን አላሰብንም። ጠበል ነዋ።

«አይቸውን ጠብቂልኝ፣ እመቤቴ» ይላሉ እማሆይ፤ ሃይላንዱን ወደ ማቅለጫዋ ዘንበል ያደርጉታል።

ድምፁ ያን ያህል አይደለም። ጣሪያ ላይ ጠጠር እንደ መበተን ነው። ሮጬ ስደርስ ማንያዘዋል ተንበርክኳል። ፊቱን በእጆቹ ይዟል፤ በጣቶቹ መሀል የእርሳስ ፍንጣቂ ያብለጨልጫል። የእማሆይ ነጠላ እዚህም እዚያም ተበሳስቷል፤ የእጃቸው ቆዳ ተልጧል፤ እሳቸው ግን አላወቁትም። «ምን አደረግሁ፣ ልጄ፣ ምን አደረግሁ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም።

«ሶኬቱን ንቀይ፣ ሠርኬ» ይላል ማንያዘዋል። «ከዚያ ውሃ። ቶሎ በይ፣ ውሃ።»

ሶኬቱን እነቅላለሁ። ወደ እንስራው እሮጣለሁ፤ እንስራው የነበረበት መሬት ደርቋል። ጀሪካን የለም። በሸጊቱ በር ላይ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል። በሩን በጡጫዬ እየደበደብኩ እጮኻለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ወጥቷል።

በግቢያችን ያለው ውሃ እማሆይ እጅ ላይ የቀረው ብቻ ነው። ተመልሼ ሃይላንዱን እነጥቃቸዋለሁ። የማንያዘዋልን ራስ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጣቶቹን ከፊቱ አንድ በአንድ አነሳለሁ። ያየሁትን አይቼ ፊቴን ማዞር እፈልጋለሁ፤ አላዞርም። አፈስበታለሁ። እማሆይ በስመ አብ ሊሉ አፋቸውን ይከፍቱና ይተዉታል።

«መኪናውን ጠብቀን በይው» ይላል ማንያዘዋል። «ትንሽ ልረፍና እጨርሰዋለሁ። አይቸው እየጠበቀ ነው።»

«እሺ፣ እለዋለሁ።»

ማቅለጫዋ ውስጥ የተረፈው እርሳስ እየደበዘዘ ቆዳ ያወጣል። ከአስፋልቱ በኩል የበየዳው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ይሰማል። ማንያዘዋል ሰምቶ ራሱን ሊያነሳ ይሞክራል፤ መልሼ አስተኛዋለሁ። ሃይላንዱን ገልብጬ የቀረችውን ጠብታ ዓይኑ ላይ አራግፋለሁ።