አምስተኛው ጠና

«ጠና ነው የሚባለው» ይላል ሽማግሌው ሄራሞ፣ ለአራሷ ከተሠራው የቡላ ገንፎ፣ ከአተካናው፣ ቅቤ የበዛበትን አንድ ማንኪያ እየጎረሰ። «በዘራችን ጠና ተብሎ ሰው ያልሆነ የለም።»

የሕፃኑ አባት ዳኘ፣ አባቱ የሚቆጥርባቸውን ጣቶች ያያል። ጠና ፈረሰኛው፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ በፈረስ ተሻግሮ ሙሽራውን ያመጣ። ጠና አስታራቂው፣ ደም የተቃቡ ሁለት ጎሳዎችን በአንድ ገበታ ያስቀመጠ። ጠና መምህሩ፣ አንጋጫ ድረስ በእግሩ እየሄደ ፊደል ያስቆጠረ።

«የአሁኑን ጠናስ ረሱት?» ትላለች ጎረቤታቸው ጣቢታ። «የሌሞውን ሚሊሻ! ታንክ ማርኮ ሜዳይ ተሸለመ ተብሎ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነገረ እኮ።»

«ይኸው!» ሽማግሌው ጭኑን ይመታል። «ስሙ ራሱ ጀግና ነው!»

ሕፃኑን ታቅፋ መደቡ ላይ የተቀመጠችው ጵርስቅላ ቀና አትልም። ማንኪያዋ ግን አፏ ሳይደርስ ቆሟል። ዳኘ ያንን ማንኪያ ያየዋል። የሌሞን ዘማቾች የጫነው መኪና ከሆሳዕና ሲወጣ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ከኋላው አቧራው ውስጥ ስትሮጥም አይቷታል። በዓመቱ እሱ ሽማግሌ ላከባት። ስለዚያ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ብዙነህ ቢባልስ?» ይላል።

«ብዙነህ ደግሞ ማን ነው? ምን ሠራ?»

«ምንም አልሠራም።»

«ታዲያ!»

ጣቢታ ትስቃለች። «ቀናህ እንዴ ዳኘ? ልጅህ ከአንተ የተሻለ ስም ስላገኘ?»

ዳኘ ወደ ሚስቱ ይዞራል። «አንቺስ?»

«አባባ ያሉት ይሁን» ትላለች ጵርስቅላ። ቶሎ ነው ያለችው።

ከነገ ጀምሮ ያንን ስም ቀኑን ሙሉ እንደ ልቧ ትጠራዋለች። ማንም ምን ሆንሽ አይላትም።

በእነሄራሞ ቤት አባት ደጅ ወጥቶ ሕፃኑን በአዲሱ ስም ይጣራል፤ እናት ስለ ልጇ ከውስጥ አቤት ትላለች። ዳኘ ይወጣል። የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ይንሿሿል፤ በመንገዱ አንድ የፈረስ ጋሪ ያልፋል። ጋሪው እስኪርቅ ይጠብቃል።

«ጠና!»



«አቤት» ትላለች ጵርስቅላ፣ ቀስ ብላ።

ዳኘ እጁ በሩ ላይ ይቀራል። ከተጋቡ ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠርቷታል፤ እንዲህ ያለ አቤት ሰምቶ አያውቅም።