ለትሉ የተተከለ አበባ

ልጅቷ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ የምታያቸው ኔማቶድ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ የሥር ትሎች ናቸው። አምና የእናቷን ቲማቲም አጠውልገው የጨረሱት እነሱ ነበሩ፤ ሥሩ እንደ ዶቃ ተቋጥሮ በዓይኗ አይታዋለች። ዘንድሮ እናትየው በስልክ «አይዞሽ፣ ጎረቤታችን እየረዱኝ ነው» ስትላት ግን ከትሉ ይልቅ ጎረቤትየው አሳሰቧት።

ጎረቤትየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እናቷም ባሏን ከቀበረች ሰንብታለች፤ ያላት ሀብት ይቺው ጓሮ ናት።

እሑድ ጠዋት ሳትነግራቸው እናቷ ጓሮ ከተፍ አለች። ሾፌሩ ተንበርክከው ይኮተኩታሉ። ግማሹ መደብ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ቲማቲም ባለበት በቀረው ዙሪያ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ብርቱካንማ አበባ ተተክሏል።

«አበባው ለምንድን ነው ጋሼ?» አለች፣ መልሱን እያወቀች።

«ለትሉ ነዋ! ሥሩ ያዳክመዋል። ላስቲኩ ደግሞ አፈሩን በፀሐይ ያግለዋል። ትል እኮ ትዕግሥት ይፈልጋል ልጄ፣ በአንድ ጀምበር አይለቅም።»

ስህተት ብታጣባቸው ይበልጥ ተናደደች። ዞር ስትል በሁለቱ ግቢዎች መሃል ባለው አጥር ላይ አዲስ በር ተከፍቶ አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የውሃ ጎማ ማሳለፊያ» አሉና ባልዲያቸውን አንጠልጥለው በዚያው ሾልከው ሄዱ።

ዛሬ በሩ፣ ነገ ግቢው፣ አለች በሆዷ። የዋህ እናቷን አሰበች። ጎንበስ ብላ አንድ ቲማቲም ነቀለች። ሥሩ ነጭ፣ እንደ ክር የቀጠነ፤ አንድም እብጠት የለው። ሌላ ነቀለች፣ ሦስተኛ ጨመረች። ያው ነው።

የነቀለችውን ታቅፋ ወደ ወጥ ቤት ከነፈች። እናቷ አዲስ ሻሽ አስራ ሽንኩርት ትልጣለች።

«እማዬ፣ ተመልከቺ! ትል የሚባል ነገር የለም። ከጠፋ ቆይቷል! ሰውዬው ግን ትል ትል እያሉ በየቀኑ ይመላለሳሉ። እያታለሉሽ ነው!»

እናቷ ሥሩን አየት አደረገችና በጓሮ በኩል ያለውን መስኮት ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ኧረ ቀስ በይ፣ እንዳይሰሙሽ! እሳቸው እስካሁን ያለ ነው የሚመስላቸው።»