አንድ ፈቃድ፣ አንድ ጥንድ ዓይን

ከደሴ እስከ ወልድያ እኔ ያልተየብኩት ደብዳቤ የለም፤ ካለም ደብዳቤ አይባልም። ዛሬ ግን በገዛ ቢሮዬ አንድ ፕሮግራም ናቀኝ!

የድሮ ፋይል የሚከፈተው የጥንቱን ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም ብቻ ነው። ለአራቱ ኮምፒውተሮቼ የደረሰኝ ፈቃድ አንድ ነው፤ በአዲሱ ሕግ ደግሞ አንድ ፈቃድ የሚያገለግለው ለአንድ ሰው ዓይን ነው። ካሜራው ሁለተኛ ፊት ካየ ስክሪኑ ይጠፋል።

እትዬ ዘይነባ ከልጃቸው ከመዲና ጋር መጡ። ሟች ባላቸው ይመር፣ መዲና ሳትወለድ፣ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ለልጁ ያስጻፈኝን ደብዳቤ አብረው ሊያዩ ነው። ወረቀቱ በእሳት ጠፍቷል፤ የቀረው እኔ ጋ ያለው ፋይል ብቻ ነው። እናትየው ገና አንገታቸውን ሲያሰግጉ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«እማዬ፣ ወደ ግድግዳው ዙሪ፤ አነብልሻለሁ» አለች መዲና።

«ለባሌ ጀርባዬን? በሕይወት እያለም አልሰጠሁት!»

ደሜ ፈላ። ባልና ሚስትን በፈቃድ ቁጥር የሚለያይ የማን አገር ሕግ ነው? ያውም እኔ በጣቴ በተየብኩት ደብዳቤ! የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩና ወንበሬን ወደ እነሱ አዞርኩ።

«እኔ አንዴ የተየብኩትን እስከ አራት ነጥቡ በቃሌ እይዛለሁ» አልኩ። «ይድረስ ለማላይሽ ልጄ፣ ከኮከብ ለምትደምቂው፣ እናትሽ ከንግሥታት ሁሉ የምትበልጥ...»

እትዬ ዘይነባ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አሊጋዝ፣ ይመር እንኳ ይህን ያህል አያወራም ነበር» አሉኝ። «ግን ቀጥል።»